የጣርማ በር ክረምትና ሁለቱ ዋሻዎች

ካዛንቺስ ሲፈርስ ብዙዎቻችሁ ስለ ሰፈሩ ጻፋችሁ፤ እኔ አልጻፍኩም። ተወልጄ ያደግኩበት ቤት ስለሆነ እጄ አልታዘዝ አለኝ። ዛሬም የምጽፈው ስለ ቤቱ ሳይሆን ስለ ስሙ ነው። ነገሩ በጣርማ በር ዞሮ ስለሚመጣ ትንሽ ታገሡኝ።

በ2011 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ ኮምቦልቻ የምትኖር አክስቴ አረፈች። ቤተሰቡ ቀድሞ በሚኒባስ ሄዷል፤ እኔን ሥራ ስለያዘኝ በማግስቱ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ በአሮጌ ቪትዝ ብቻዬን ተነሣሁ። እናቴ ደውላ "በክረምት፣ ብቻህን፣ ጣርማ በርን? አብደሃል እንዴ?" ስትለኝ መገናኛን አልፌ ነበር። እስከ ደብረ ብርሃን ዝናብ ብቻ ነው፤ ዝናብ ደግሞ ይለመዳል። ከደብረ ብርሃን ወዲያ ግን ጉሙ መጣ። ምን ልበላችሁ፣ የመኪናዬ አፍንጫ እንኳ አይታየኝም! አራቱንም ፍሬቻ አብርቼ፣ ከፊቴ የሚሄደውን የአይሱዙ የኋላ መብራት እየተከተልኩ እንደምንም ጣርማ በር ደረስኩ። (በነገራችን ላይ መኪና፣ ጎማ፣ ፍሬን፣ ፍሬቻ የምንላቸው ሁሉ ከጣሊያን የወሰድናቸው ቃላት ናቸው። ይህን የማስበው አሁን ስጽፍ ነው፤ ያኔ የማስበው ገደሉን ብቻ ነበር።)

ከዋሻው በፊት፣ የመሐል ሜዳ መንገድ ወደ ግራ በሚገነጠልበት አካባቢ ጉሙ እስኪገፍ ብዬ ቆምኩ። በርኖስ የደረቡ አንድ አዛውንት መኪና ይጠብቃሉ። ዝናቡ ስለበረታ "አባባ፣ ይግቡ" አልኳቸውና ገብተው አጠገቤ ተቀመጡ።

"ወዴት ነህ ልጄ?"

"ኮምቦልቻ። ለቅሶ አለብኝ።"

"ነፍስ ይማር።"

ከዚያ ዝም ተባባልን። ዝምታው ሲከብደኝ "ውጪው እንዲህ ከሆነ የሙሶሊኒ ዋሻ ውስጡማ እንዴት ይሆን?" አልኩ። ዞር ብለው አዩኝ። "ውስጡስ ጉም የለውም" አሉ። ቆየት ብለው ደግሞ በመንዝ በኩል እያመለከቱ "ዋሻ እንኳ እኛም አለን። ዘረት" አሉኝ። ይህን ብለው ሳይጨርሱ ሚኒባሳቸው መጣ። "እግዜር ይስጥልኝ፣ ቀስ ብለህ ንዳ" ብለውኝ ወረዱ።

ዘረት የሚባል ስም ሰምቼ አላውቅም ነበር። ታሪክ እወዳለሁ እያልኩ ሰው የማሰለች ሰውዬ! ከዚያ ወዲህ ያነበብኩትን ላጫውታችሁ።

በ1928 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ የባዶሊዮ ጦር ከደሴ ተነሥቶ ወደ አዲስ አበባ የመጣው በዚሁ በኩል ነው፤ ከ1,500 በላይ ተሽከርካሪ ይዞ። መንገዱም ከጦርነቱ በፊት በንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የተጠረገው የመኪና መንገድ ነበር። ጣርማ በር ላይ ግን መንገዱ ተቆርጦ ጠበቀው። ከስዊድናዊው መኮንን ከካፒቴን ቪኪንግ ታም ጋር የነበሩት የሆለታ ጦር ትምህርት ቤት ካዴቶች፣ ገና ልጆች፣ በዚህ መከላከል ውስጥ ነበሩበት። ያ ሁሉ መኪና ተደርድሮ ቆመ፤ ወታደሩ አካፋና ዶማ ይዞ መንገድ ጠጋኝ ሆነ። አዘገዩት እንጂ ሊያስቀሩት አልቻሉም። ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ገባ።

ብዙ ሰው ታሪኩን እዚህ ላይ ያቆመዋል። ለእኔ ግን ዋናው ነገር የሚጀምረው ክረምቱ ሲገባ ነው። ዝናቡ ሲጥል የደሴ መንገድ ጭቃ ሆነ። አዲስ አበባ የገባው ጦር ስንቁም ጥይቱም በጅቡቲው ባቡር ላይ ተንጠለጠለ። አርበኞቹ ሐምሌ 21 ቀን ከተማዋን ከየአቅጣጫው ያጠቁት በዚያ ክረምት ነው። ክረምቱ ግን ለእነሱም አልሆነም፤ ወንዙ ሞልቶ አንዱን ጦር ከሌላው ቆረጠው፣ ጥቃቱም ከሸፈ። በማግስቱ አቡነ ጴጥሮስ ተረሸኑ።

የጣርማ በርን ዋሻ ከዚህ ክረምት ለይቼ ማየት አልችልም። ከአሥመራ እስከ አዲስ አበባ ዝናብ የማያቆመው መንገድ ያስፈልጋቸው ነበር። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ተራራውን ወደ 600 ሜትር ያህል ፈልፍለው፣ በ1930 ዓ.ም. ገደማ ጨርሰው በዱቼያቸው ስም ሰየሙት። "ጣሊያን እኮ መንገድ ሠርቶልናል" የሚል ሰው ሲገጥመኝ ይህችን "ልናል" የምትለዋን ነገር አልወዳትም። መንገዱ የተሠራው ጦሩ ክረምት ከበጋ አርበኛ እንዲያሳድድበት ነው።

በእነዚያው ዓመታት እኛ ሰፈር ደግሞ ለቅኝ ገዢው መንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ ነበር። የቤቶቹ ድርጅት ስም በአጭሩ ኢንቺስ ነው። ካዛ ኢንቺስ፣ የኢንቺስ ቤት ማለት ነው፤ በእኛ አፍ ካዛንቺስ ሆነ። እዚሁ ቂርቆስ ክፍለ ከተማ ውስጥ ፖፖላሬም አለ። "የሕዝብ ቤት" እንደማለት ነው። የትኛው ሕዝብ እንደሆነ ለእናንተ ትቼዋለሁ።

አሁን ወደ ዘረት። ሚያዝያ 1931 ዓ.ም. ነው፣ የጣርማ በር ዋሻ ካለቀ አንድ ዓመት ቢሆነው ነው። መንዝ ውስጥ አመፀኛ ዋሻ በሚባል ትልቅ የተፈጥሮ ዋሻ ከአበበ አረጋይ አርበኞች ወገን የሆኑ ብዙ ሰዎች ተጠልለዋል። ቁስለኞች፣ ሽማግሌዎች፣ ሴቶች፣ ሕፃናት። የጣሊያን ጦር ከበባቸውና የመርዝ ጋዝ ለቀቀባቸው። እጃቸውን ሰጥተው የወጡትን ወንዶች እዚያው ደጁ ላይ ረሸናቸው። የሞቱት በመቶዎች የሚቆጠሩ ናቸው። ይህ የሆነው ከሚያዝያ 1 እስከ 3 ባሉት ቀናት ነው። ቁጭ ብዬ በባሕረ ሐሳብ አሰላሁት፦ የዚያ ዓመት ፋሲካ የዋለው ሚያዝያ 1 ነው። ተሳስቼ ቢሆን ብዬ ሦስት ጊዜ ደገምኩት። ያው ነው።

እ.ኤ.አ. በ2006 ማቴዮ ዶሚኒዮኒ የተባለ ጣሊያናዊ የታሪክ ተመራማሪ የጦሩን የራሱን ሰነድ ተከትሎ ዋሻው ድረስ ሄዶ ጉዳዩን ለአገሩ ሰው አሳወቀ። መኪናዬ ውስጥ የተቀመጡት አባት ግን ሰነድ አላስፈለጋቸውም።

ያን ቀን ጉሙ ሳይገፍ ነው ዋሻው ውስጥ የገባሁት። ጨለማ ነው፣ ጠባብ ነው፣ ጣሪያው ውሃ ያንጠባጥባል። ከወዲያ ማዶ ስወጣ ደብረ ሲና ከታች አረንጓዴ ሆና ታየችኝ። ኮምቦልቻ ስደርስ ቀብሩ አልፎኝ ነበር።

አሁን ቤታችን የነበረበት ቦታ ላይ ሰፊ መንገድ አለ። የታክሲው ረዳት ግን ዛሬም "ካዛንቺስ! ካዛንቺስ!" እያለ ይጣራል፤ እኔም ካዛንቺስ ነው የምለው። እናቴ የወለደችኝ እዚያ ነው፣ ስሙን በኖርንበት ወስደነዋል። "የሙሶሊኒ ዋሻ" ማለትን ግን ከዚያ ክረምት ወዲህ ትቻለሁ። የጣርማ በር ዋሻ ነው። ሰዎች "የቱ እሱ?" ይሉኛል፤ እነግራቸዋለሁ።

ዘረት እስካሁን አልሄድኩም። መንገዱ ሰላም ሲሆን ግን በዚያች በግራ መገንጠያ እታጠፋለሁ። የመንዝ ልጆች የሆናችሁ፣ ከአያቶቻችሁ የሰማችሁት ካለ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። በተለይ የሰዎቹን ስም።