ቫልቭ ከመለወጥ በፊት

ሙዚቃን በቤቱ አጥርቶ ለማዳመጥ የሚሻ ሰው፣ የአምፕሊፋየሩ ድምፅ አላረካው ሲል፣ አስቀድሞ ዓይኑን የሚጥለው በቫልቮቹ ላይ ነው። ቫልቭ ከመቀመጫው ተነቅሎ በሌላ ሊተካ ይችላልና፣ ማሻሻል ማለት መለወጥ ብቻ ይመስለዋል። የመሣሪያው ታሪክ የሚመሰክረው ግን ሌላ ነው።

እንግሊዛዊው ጆን አምብሮዝ ፍሌሚንግ እ.ኤ.አ. በ1904 የመጀመሪያውን ቫልቭ ሠራ። ከጋለው ክር የሚፈልቁት ኤሌክትሮኖች አየሩ በተሳበ ብርጭቆ ውስጥ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ይፈስሱ ነበር። በ1906 አሜሪካዊው ሊ ዲ ፎሬስት ግሪድ የተባለውን ሦስተኛ ክፍል ጨመረበት። በዚህም በግሪዱ ላይ የሚያርፍ ደካማ ግፊት ብርቱውን ፍሰት ለማዘዝ ቻለ፤ ድምፅን የማጉላት ሥራ መሠረቱ ይኸው ነው። ይሁን እንጂ ዲ ፎሬስት የገዛ ፈጠራውን አሠራር በቅጡ አልተረዳም፤ በብርጭቆው ውስጥ የሚቀረው ጋዝ ለሥራው ያስፈልጋል ብሎ ያምን ነበር። ጋዙ ፈጽሞ ተጠርጎ እንዲወጣ አድርገው ቫልቩን አስተማማኝ ያደረጉት ሃሮልድ አርኖልድና ኧርቪንግ ላንግሚየር ናቸው። በ1927 ደግሞ ሃሮልድ ብላክ ከመውጫው ድምፅ ጥቂቱን ገልብጦ ወደ መግቢያው በመመለስ መዛባትን የሚቀንስ ዘዴ አገኘ። እንግዲህ አንዱ የጀመረውን ሌላው እያረመ፣ ሌላው እየጨመረበት መጣ።

የዚህ ሁሉ ፍሬ በግልጽ የታየው በ1947 ነው። ዲ. ቲ. ኤን. ዊልያምሰን የተባለው መሐንዲስ የአምፕሊፋየሩን ሙሉ ንድፍ «ዋየርለስ ወርልድ» በተባለው የእንግሊዝ መጽሔት አሳተመ። መሣሪያው 15 ዋት እየሰጠ መዛባቱ ከመቶ 0.1 እጅ ያነሰ ነበር። ንድፉ ለሁሉም የተገለጠ በመሆኑ፣ ብየዳ የሚያውቅ ሰው ሁሉ በቤቱ ሊሠራው ቻለ። ልብ ሊባል የሚገባው ግን ዊልያምሰን የተጠቀመበት ኬቲ66 ቫልቭ ከጦርነቱ በፊት የነበረ መሆኑ ነው። አዲሱ ነገር በቫልቩ ዙሪያ ያለው የወረዳ አሠራርና በከፍተኛ ጥንቃቄ የተጠመጠመው የመውጫ ትራንስፎርመር ነበር።

በ1956 ይበልጥ ኃይለኛ የሆነው ኬቲ88 ወጣ። መቀመጫው አንድ ዓይነት ስለሆነ ባለቤቱ አውጥቶ መተካት ያምረዋል። ነገር ግን የኬቲ66 ማሞቂያ 1.27 አምፔር ሲወስድ የኬቲ88 ግን 1.6 ይወስዳል፤ ለሁለት ቫልቮች 0.66 አምፔር ጭማሪ መሆኑ ነው። ለዚህ ያልተሠራ የኃይል ትራንስፎርመር ይግላል፤ በመጨረሻም ይቃጠላል። በተጨማሪም ጥንድ ቫልቮች እኩል ካልሳቡ በመውጫው ትራንስፎርመር ውስጥ መጣፋት የሚገባው ፍሰት ይቀራል፤ ብረቱም ስለሚማገነጥ ወፍራሙ ድምፅ ይዛባል። በመሆኑም የተመዛዘነ ጥንድ መምረጥና የግሪዱን ግፊት እንደገና ማስተካከል ግድ ነው። ይህም ሲደረግ፣ መሣሪያው ከጠፋ በኋላ እንኳ በካፓሲተሮቹ ውስጥ የሚቀረው ከ400 ቮልት በላይ ግፊት ሰው ሊገድል እንደሚችል መዘንጋት አይገባም።

ትራንዚስተር ከተስፋፋ በኋላ ብዙ የቫልቭ ፋብሪካዎች ተዘግተዋል፤ ዛሬም ግን በሩሲያ፣ በስሎቫኪያና በቻይና ይመረታል። ያረጀ ቫልቭ በእኩያው ቢተካ ድምፁ በእርግጥ ይታደሳል። ከዚያ የላቀውን ለሚሻ ግን የዊልያምሰን ሥራ መልሱን ሰጥቶታል፤ የጠራ ድምፅ የሚገኘው ክፍሎቹ ሁሉ ተስማምተው ሲሠሩ ነው።