ሩብሪክ፦ ባለደረጃ መስፈርት

የማስተርስ ተማሪ ሳለሁ ያስረከብኩት የመጀመሪያው የኮርስ ጽሑፍ ሲመለስልኝ ኅዳጉ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ሁለት ቃል ሰፍሮበት ነበር፦ «ጥልቀት ይጎድለዋል»። ከሥሩ ውጤቱ አለ። የቱ ጋ እንደጎደለ፣ ምን ያህል ቢቆፈር እንደሚበቃ የሚነግር ግን ምንም የለም። ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ ቀጣዩን ጽሑፍ የጀመርኩት የመምህሬን ልብ ለመገመት እየሞከርኩ ነው። ይህን ግምት ለማስቀረት የተዘጋጀው መሣሪያ «ሩብሪክ» ይባላል።

ቃሉ ከላቲን የመጣ ነው፤ ሥሩ «ቀይ» ማለት ነው። በአውሮፓ የጸሎት መጻሕፍት አርእስቱና የአፈጻጸሙ ትእዛዝ በቀይ ቀለም ይጻፍ ስለነበር ትእዛዙ ራሱ በቀለሙ ተጠራ። ለእኛም እንግዳ ነገር አይደለም። የቅዳሴ መጽሐፍ የገለጠ ሰው «ይ.ካ»፣ «ይ.ዲ»፣ «ይ.ሕ» የሚሉትን ቀያይ ምልክቶች ያውቃቸዋል። ካህኑ፣ ዲያቆኑና ሕዝቡ ተራቸውን የሚያውቁት አስቀድሞ በተጻፈ ቀይ ቀለም ነው። የእኔ መምህር ቀይ ቀለም ግን የመጣው ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ ነበር።

ቃሉ ወደ ትምህርት የገባበትን ምክንያት አንድ ጥናት ጥሩ አድርጎ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1961 ፖል ዲድሪክና ባልደረቦቹ አሜሪካ ውስጥ 300 የተማሪ ድርሰቶችን ለ53 አንባቢዎች ሰጡ፤ ውጤቱ ከአንድ እስከ ዘጠኝ እንዲሆን እንጂ በምን እንደሚለካ አልነገሯቸውም። ከድርሰቶቹ 94 በመቶ የሚሆኑት እያንዳንዳቸው ቢያንስ ሰባት የተለያየ ውጤት አገኙ። አንባቢዎቹ የተማሩና ከልባቸው የሠሩ ሰዎች ነበሩ፤ ችግሩ አንዱ ሐሳብ ሲመዝን ሌላው ሰዋስው፣ ሌላው አቀራረብ መመዘኑ ነበር።

ሩብሪክን በአማርኛ «መስፈርት» የሚሉት አሉ፤ «የማረሚያ መመሪያ» የሚሉም አሉ፤ ከ«ቼክሊስት» ጋር የሚቀላቅሉትም ጥቂት አይደሉም። ቼክሊስት የሚጠይቀው አለ ወይስ የለም ብሎ ነው። «መስፈርት» ደግሞ መልካም ቃል ነው፤ እህል ከመስፈር የመጣ ነውና ሥሩ ከመስፈሪያው ጋር አንድ ነው። ደባርቅ ገበያ ገብስ የሚገዛ ሰው በየትኛው ቁና እንደሚሰፈርለት ማወቁ አይበቃውም፤ እስከ አፉ ነው ወይስ ተቆልሎ ብሎ ይጠይቃል፤ ይህንንም ዋጋ ከመቁረጡ በፊት ይጠይቃል። ሩብሪክ ሁለቱንም መናገር አለበት፦ በምን እንደሚለካና የትኛው ልክ ምን እንደሚመስል። ስለዚህ «ባለደረጃ መስፈርት» እንድንለው እመርጣለሁ።

በሶሲዮሎጂ ድኅረ ምረቃ ይህ የበለጠ ያስፈልጋል፤ አንድ ትክክለኛ መልስ ያለው ጥያቄ እዚያ ጥቂት ነው። እንበልና አንዲት የማስተርስ ተማሪ ከግጭ ስለተነሱት ሰዎች ልታጠና ደባርቅ ትወርዳለች። ግጭ በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ የነበረ መንደር ነው፤ ነዋሪዎቹ በ2008 ዓ.ም. ከዚያ ተነሥተው ደባርቅ ዳር ሰፈሩ። ፓርኩ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ የቆየበትን በአደጋ ላይ ያሉ የዓለም ቅርሶች ዝርዝር እ.ኤ.አ. በ2017 ለቀቀ። ለቅርሱ ደስታ የሆነው ነገር እርሻውንና የግጦሽ መሬቱን ለተወው ሰው ምን ሆነ? ጥያቄዋ ይህ ነው።

ከባለደረጃ መስፈርቷ አንዱን ረድፍ፣ «መረጃው እንዴት ተሰበሰበ» የሚለውን፣ ብቻ እንየው። በዝቅተኛው ደረጃ ያለ ጽሑፍ «ቃለ መጠይቅ አድርጌያለሁ» ብሎ ያልፋል። ከፍ ያለው ስንት ሰው፣ ወንድ ስንት፣ ሴት ስንት፣ በምን ዕድሜ ብሎ ይቆጥራል፤ ለምን እነሱ እንደተመረጡ ግን አይናገርም። ሦስተኛው ምርጫውን ያስረዳል፤ ወደ ቤቶቹ የመሯት የቀበሌው ሰው መሆናቸውንም ይገልጻል። ከፍተኛው ደረጃ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው፦ የቀበሌው ሰው አጠገብ ተቀምጠው ሳለ «ደኅና ነን» ያሉት እናት፣ በሌላ ቀን ብቻዋን ተመልሳ ቡና ሲያፈሉላት ስለ ቀሩት በጎች እንዳወሯት ትጽፋለች፤ ሁለቱን መልሶች ጎን ለጎን አስቀምጣም ልዩነቱን ትመረምራለች። «ጥልቀት» ሲባል የነበረው ይህ ነው፤ ሊነገርም ይቻላል።

ያው ረድፍ በሌላ ዓይነት መረጃ፣ ለምሳሌ በዳባት፣ ለሚሠራ ተማሪ አይሆንም። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ዳባት ላይ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ልደትን፣ ሞትንና ፍልሰትን በየቤተሰቡ የሚከታተል የጤናና የሥነ ሕዝብ ማዕከል አለው። በዚያ መረጃ ለሚሠራ ተማሪ የከፍተኛው ደረጃ መለያ መዝገቡ የማይዘውን ነገር ለይቶ ማወቁ ነው። ከሌላ ኮርስ ተቀድቶ የሚለጠፍ ሰንጠረዥ የማይሠራው ለዚህ ነው።

ሰንጠረዥ ማሰብን ይገድላል የሚሉ መምህራን አሉ፤ ስጋታቸውን እጋራለሁ። ሳጥን ለመሙላት ብቻ የሚጻፍ ጽሑፍ አይቻለሁና። ነገር ግን ቅኔ ቤትን እናስብ። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት መሆኑን ተማሪው ከመጀመሩ በፊት ያውቃል፤ የቆጠረውን ለየኔታ ሲያሰማም እርማቱን እዚያው ያገኛል። ሰሙ ከወርቁ መግጠሙን የሚለየው ግን አሁንም የየኔታ ጆሮ ነው። ደረጃውን አስቀድሞ መጻፍ መምህሩን ከመፍረድ አያሳርፈውም፤ የሚፈርድበትን ነገር ለተማሪው ያሳውቃል እንጂ።

በአጠቃቀም ረገድ አንድ ነገር ልጨምር። ባለደረጃ መስፈርት የሚባለው ተማሪዋ ወደ ደባርቅ ከመሳፈሯ በፊት እጇ የገባው ነው። ጽሑፉ ከገባ በኋላ ከመሳቢያ የሚወጣውን ሰንጠረዥ የማርክ መመዝገቢያ እንበለው።