ባቡር የሚያድርባቸው ከተሞችና የእኛ መንገድ



እንደሚታወቀው በዳባትም ሆነ በደባርቅ የባቡር ፉጨት ተሰምቶ አያውቅም። ከወገራ ሜዳ እስከ ስሜን ተራራ ድረስ ሰው የተጓዘው ድሮ በእግሩና በበቅሎ፣ ኋላም በመኪና ነው። ታዲያ የባቡር ታሪክ ለእኛ ምን ይረባናል የሚል አባል አይጠፋም። መልሳችን አጭር ነው። የባቡርን ታሪክ ጠጋ ብለን ስንመረምረው የምናገኘው የብረት ታሪክ ብቻ አይደለም፤ የማረፊያ ታሪክ ነው። መንገደኛ የት አደረ፣ ምን በላ፣ ምን ጠጣ፣ ማንስ አስተናገደው? ከተማን ከተማ የሚያደርገው ይኸው ነው። ዳባትም የመንገድ ከተማ ናትና ነገሩ ይመለከተናል።

ወደ ታሪኩ እንግባ። ባቡር ሳይመጣ በፊት ከባሕር ጠረፍ እስከ ሸዋ ድረስ ነጋዴ በግመልና በበቅሎ ከአንድ ወር በላይ ይጓዝ ነበር። ዐፄ ምኒልክ ይህን ለማሳጠር በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር መንገድ እንዲሠራ ፈቃድ ሰጡ። ኢልግም ሊዮን ሸፍኔ ከሚባል ፈረንሳዊ ነጋዴ ጋር ሆኖ ኩባንያ አቋቋመ። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀመረ። አገሩ በረሃ ነው፤ ውሃ የለም፤ መሬታቸው የሚነካባቸው ዘላኖችም ዝም ብለው አላዩትም። ሃዲዱ ሲዘረጋ ሰው በውሃ ጥም፣ በበሽታና በግጭት አልቋል።

የመጀመሪያው ሐሳብ ባቡሩ ሐረር እንዲገባ ነበር። ሐረር የኖረች የንግድ ከተማ ናት፤ በ16ኛው መቶ ዓመት አሚር ኑር ያሠሩት የጀጎል ግንብ እስከ ዛሬ ቆሟል። ነገር ግን ተራራውን ለመውጣት ወጪው ከበደ። ስለዚህ ሃዲዱ ከተራራው ግርጌ በቆላው እንዲያልፍ ተደረገና በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ድሬዳዋ ደረሰ። ያን ጊዜ ቦታው ከተማ አልነበረም። መጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ተብሎ ነበር። ኩባንያው ቀጥ ቀጥ ያሉ መንገዶችን ቀይሶ፣ ዛፍ ተክሎ፣ መጠገኛ ቤት ሠርቶ ከዚራ የሚባለውን ሰፈር አቆመ። ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ደግሞ ገበያው በራሱ ጊዜ መጋላ ሆኖ በቀለ። እንግዲህ ልብ በሉ፤ በግንብ የታጠረችው ባለ ታሪክ ከተማ ከተራራዋ ላይ ቆማ ስታይ፣ ንግዱ ትናንት ወደ ተቆረቆረችው ከተማ ወረደ። ይህን ያደረገው ጦርነት አይደለም፤ የማረፊያ ቦታ መለወጥ ብቻ ነው።

ኩባንያው ድሬዳዋ ሲደርስ ገንዘቡ አለቀበት። እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣልያንም ባቡሩ የማን ይሁን በሚለው ይሻሙ ስለነበር ሥራው ለጥቂት ዓመታት ቆመ። በ1900 ዓ.ም. የምኒልክ ሐኪም በነበሩት በዶክተር ቪታሊየን ስም አዲስ ፈቃድ ተሰጠና የፍራንኮ ኢትዮጵያ የምድር ባቡር ኩባንያ ሥራውን ቀጠለ። አዋሽን ተሻግሮ፣ አቃቂ ደርሶ፣ በመጨረሻ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። የሃዲዱ ስፋት 1 ሜትር፣ የመንገዱ ርዝመት ወደ 784 ኪሎ ሜትር ነበር። ዛሬ ለገሀር የምንለው ስም ራሱ ከፈረንሳይኛው የጣቢያ ስም የመጣ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ባቡሩ ሌሊት አይሄድም ነበር። ከጅቡቲ የተነሣ መንገደኛ አንድ ሌሊት ድሬዳዋ፣ አንድ ሌሊት አዋሽ አድሮ በሦስተኛው ቀን አዲስ አበባ ይገባል። ሦስት ቀን ለዛሬ ሰው ብዙ ነው። ነገር ግን እነዚያ ሁለት ሌሊቶች ናቸው ሁለት ከተማ ያቆሙት። የሚያድር ሰው አልጋ ይፈልጋል፤ ራት ይፈልጋል፤ ለነገ ስንቅ ይፈልጋል፤ ልብሱን የሚያጥብለት፣ ዕቃውን የሚሸከምለት ይፈልጋል። አዋሽ ላይ በጣቢያው አጠገብ የተከፈተው ሆቴል ቡፌ ደ አዋሽ በሚል ስም ታወቀ። በዚያ በረሃ መካከል በነጭ ጨርቅ በተሸፈነ ጠረጴዛ የፈረንጅ ምግብ ይቀርብ ነበር። አዲስ አበባም በለገሀር ጎን ቡፌ ደ ላ ጋር ነበረ፤ ከሰው መሸኛነት አልፎ የራትና የሙዚቃ ቤት እስከ መሆን ደረሰ።

ይህን መንገድ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ቀስ ብሎ የወረደ ሰው አገሩን በአፉም ጭምር ያውቀዋል። ከ2,300 ሜትር በላይ ከሆነው ደጋ ተነሥቶ ቢሾፍቱ ሐይቆቹን ያያል፤ ሞጆንና አዳማን አልፎ ሙቀቱ እየጨመረ ይሄዳል። መተሐራ ሲደርስ በአንድ ወገን የፈንታሌ ተራራ፣ በሌላ ወገን የሸንኮራ እርሻና የበሰቃ ሐይቅ ይታያል። በሰቃ ከዓመት ዓመት እየሰፋ የባቡሩንም የመኪናውንም መንገድ ሲያስቸግር የኖረ ውሃ ነው። አዋሽ ሲደርስ ከፍታው ወደ 1,000 ሜትር ወርዷል። ደጋ ላይ እንጀራና ዳቦ በመስኮት የገዛ መንገደኛ ከአዋሽ ወዲያ የግመል ወተት ይቀርብለታል። ድሬዳዋ ደግሞ ብርቱካኑ፣ ሳምቡሳው፣ ጠዋት በማር የሚበላው ፈጢራ አለ። ከዚያ በመኪና ወደ 55 ኪሎ ሜትር ወጥቶ ሐረር የገባ ሰው ከቡና ቅጠል የሚፈላውን ቁቲ ይጠጣል። እኛ ቡናን በፍሬው ብቻ ስለምናውቀው ቅጠሉ ይፈላል ሲሉን እንስቃለን፤ ሐረሮች ግን እኛ ቅጠሉን መጣላችንን ሲሰሙ ይገርማቸው ይሆናል።

ስለ መጠጡም አንድ ነገር እንበል። ከባሕር ማዶ የሚመጣው ወይን ጠጅ በጅቡቲ በኩል በፉርጎ ተጭኖ ይገባ ነበር። ቀስ በቀስ ግን አገር ውስጥ መጥመቅ ተጀመረና በዚሁ ወንዝ ስም የሚጠራው አዋሽ ወይን ጠጅ ፋብሪካ አዲስ አበባ ላይ ተቋቋመ። ጉደር የሚባለውን ቀይ ወይንና አክሱሚት የሚባለውን ጣፋጭ ወይን የማያውቅ ሠርገኛ የለም። በቅርቡም ከሞጆ በስተደቡብ በዝዋይ ሰፊ የወይን እርሻ ተተክሎ በ2006 ዓ.ም. ጠጁ ለገበያ ወጥቷል። ይሁን እንጂ ወይን ለእኛ አገር እንግዳ ነው ብሎ የሚያስብ ይሳሳታል። በጎንደር ነገሥታት ዘመን ከጣና በስተምሥራቅ በይፋግና በካሮዳ ወይን ይተከል ነበር። ቤተ ክርስቲያናችንም ለቅዳሴ የዘቢብን ነገር አቋርጣ አታውቅም። የእኛ የወገራ መጠጥ ግን የገብስ ጠላ ነው፤ በእርሱ ማንም አይቀድመንም።

ባቡሩ የደስታ መንገድ ብቻ አልነበረም። ከማይጨው ሽንፈት በኋላ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ለስደት ወደ ጅቡቲ የሄዱት በዚሁ ባቡር ነው። በ1969ና በ1970 ዓ.ም. በሶማሊያ ጦርነት ጊዜ መንገዱ ተቆርጦ ነበር። ከሁሉ የከፋው ግን በጥር ወር 1977 ዓ.ም. የደረሰው ነው። አዋሽ አጠገብ ባቡሩ ከጠመዝማዛው ላይ ፍጥነቱን ሳይቀንስ ቀርቶ ፉርጎዎቹ ወደ ገደል ገቡ። ከ400 በላይ ሰው ሞተ። በአፍሪካ ከደረሱት የባቡር አደጋዎች ሁሉ ከከፉት አንዱ ነው። ዕድርተኞች እንደ መሆናችን ይህን ስናነብ ቁጥሩ ብቻ አይደለም የሚታየን። በሰው አገር በረሃ ላይ ያ ሁሉ አስከሬን ሲወድቅ ማን ከፈነ? ማን ድንኳን ተከለ? የሟቾቹስ ቤተሰብ የት ቁጭ ብሎ አለቀሰ? መንገደኛ በሚያልፍበት አገር የሚቀብረው ሰው የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ከጊዜ በኋላ ባቡሩ ፈጥኖ ሌሊትም መጓዝ ሲጀምር አዋሽ ላይ የሚያድር ሰው አነሰ። ቀጥሎም መኪና በዛ፣ ሃዲዱ አረጀ፣ በ2000 ዓ.ም. ገደማ ከአዲስ አበባ እስከ ድሬዳዋ ያለው አገልግሎት ጨርሶ ቆመ። ጡረታ የወጣው የባቡር ሠራተኛ ብቻ አልነበረም የተጎዳው፤ በየጣቢያው ዳቦና እንቁላል፣ ሻይና ወተት ትሸጥ የነበረች እናት ሁሉ ገበያዋ ጠፋ። ከዚያ ቻይናዎች የሠሩት በኤሌክትሪክ የሚሄደው አዲሱ ባቡር በ2009 ዓ.ም. ተመረቀና በ2010 ዓ.ም. መደበኛ ሥራውን ጀመረ። ሦስት ቀን ይፈጅ የነበረው መንገድ ከአንድ ቀን በታች ሆነ። ለአገር ትልቅ ነገር ነው፤ የገቢና የወጪ ዕቃ በዚያ ያልፋል። ነገር ግን አብዛኞቹ ጣቢያዎች ከከተማ ውጭ ናቸው፤ ባቡሩም ጥቂት ቆሞ ይሄዳል። መንገደኛው የከተማውን ስም ከጣቢያው ግንብ ላይ አንብቦ ያልፋል እንጂ ከከተማው አይቀምስም። እንግዲህ መፍጠን መልካም ነው፤ ግን መንገደኛ ካልቆመ ከተማ አይበላም።

ይህን ይዘን ወደ ራሳችን እንመለስ። ለእኛ አገር የቀረበው ባቡር ከምጽዋ አስመራ የገባው ነው፤ አስመራ የደረሰው በ1904 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወደ ምዕራብ አቆርዳትን አልፎ ሄደ እንጂ ተከዜን ተሻግሮ ወደ እኛ አልመጣም። ሆኖም ከምጽዋ በዓድዋ አድርጎ፣ ሊማሊሞን ወጥቶ፣ ወገራን አቋርጦ ጎንደር የሚገባው የሲራራ መንገድ ባቡር ሳይታሰብ የነበረ ነው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1762 ዓ.ም. ጎንደር የገባው በዚሁ በኩል ነው። የሲራራ ነጋዴም እንደ ባቡሩ ሁሉ ሌሊት አይጓዝም፤ በቅሎው ሣር፣ ሰውየው እሳትና እንጀራ ይፈልጋል። ስለዚህ በየቀን መንገዱ ልክ ማደሪያ ሰፈር ነበረው። ጣልያን በወረራው ዘመን የጎንደር አስመራን የመኪና መንገድ በሊማሊሞ ሲያወጣ ማደሪያዎቹ ተለወጡ፤ አንዳንዱ ከተማ ሆነ፤ አንዳንዱ እርሻ ሆኖ ቀረ።

ዛሬ ከጎንደር ደባርቅ ያለው መንገድ አስፋልት ነው። ስሜን ፓርክ በ1970 ዓ.ም. መጨረሻ በዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ ወዲህ እንግዳ ወደዚያ ሲሄድ በዳባት ያልፋል። ያልፋል ነው ያልነው። ከጎንደር ተነሥቶ ደባርቅ ሲደርስ የእኛን ከተማ በመስታወት አይቷት ይሄዳል። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ እስከ ወረዳችን በመጣ ጊዜ ደግሞ መንገደኛ የሌለበት መንገድ ምን እንደሚመስል ሁላችንም አይተናል። የሚያልፈው እንዲቆም ከተፈለገ የሚያቆመው ነገር ያስፈልጋል። አዋሽ በረሃ ላይ ንጹሕ ጠረጴዛና ትኩስ ራት ሰውን ካቆመ፣ የወገራ ገብስ፣ ትኩስ ዳቦ፣ ጥሩ ጠላና ጥላ ያለው መቀመጫ እኛ ጋ የማያቆምበት ምክንያት የለም። ለዚህ የፈረንጅ ኩባንያ አያስፈልግም።

ከሁሉ በፊት ግን በእጃችን ያለ አንድ ሥራ አለ። የሲራራው ማደሪያዎች የት የት እንደነበሩ፣ ነጋዴ በየትኛው ምንጭ በቅሎ ያጠጣ እንደነበር፣ የመጀመሪያው መኪና ዳባት ሲመጣ ማን ሻይ እንዳፈላለት የሚያውቁት ሽማግሌዎቻችንና አሮጊቶቻችን ናቸው። ያም ከአባቶቻቸው የሰሙት ነው። እኛ ደግሞ ቀባሪዎች ነን። በየዓመቱ ስንቱን አባት፣ ስንቷን እናት እንደምንሸኝ መዝገባችን ያውቀዋል። አፈሩን ስንመልስ አብሮ የሚቀበረውን ወሬ ግን የመዘገበ የለም። ስለዚህ ጸሐፊዎቻችን ከመዋጮው መዝገብ ጎን አንድ ደብተር እንዲይዙ፣ በለቅሶ ቤት ሦስቱን ቀን ስንቀመጥም ከጨዋታው መካከል ትልልቆቹን ስለ መንገዱ እየጠየቅን እንድናስጽፍ ለጠቅላላ ጉባዔው ሐሳብ እናቀርባለን። ወጪው የአንድ ደብተርና የአንድ እስክርቢቶ ዋጋ ነው። የድሬዳዋ ልጆች አያታቸው በየትኛው ፉርጎ ትሠራ እንደነበር ይነግሩናል፤ የእኛ ልጆችም አያታቸው የት እንዳደረ መናገር ይቻላቸው።

እግዚአብሔር ያለፉትን ነፍስ ይማር፤ ያለነውን በጤና ያቆየን።