አማካይ የሚሸሽገው የልብ ምት
በመቱ፣ በጎሬም ሆነ በበደሌ አካባቢ በፌቶስኮፕ የጽንስን ልብ የምታዳምጥ አዋላጅ የምታገኘው በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደመታ ነው፤ በአንዱና በተከታዩ ምት መካከል ያለው ክፍተት ከጆሮዋ ያመልጣል። ይሁን እንጂ ሆንና ሊ የተባሉት ተመራማሪዎች በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) እንዳመለከቱት ጽንስ ሲጨነቅ፣ የምቱ ብዛት በጉልህ ሳይለወጥ ክፍተቶቹ አስቀድመው ይለወጣሉ።

ስሌቱ አያስቸግርም። የአንዱ ሰው ክፍተት 790 እና 810፣ የሌላው 740 እና 860 ሚሊሰከንድ እየተፈራረቀ ቢመጣ፣ የሁለቱም ልብ በደቂቃ 75 ጊዜ ይመታል፤ ስታንዳርድ ዴቪየሽኑ ግን 10 እና 60 ነው። ሳያዛንፍ የሚመታ ልብ ጤነኛ ይመስላል፤ ነገሩ ብዙ ጊዜ ተቃራኒው ነው። ክላይገርና ባልደረቦቹ በ1987 (እ.ኤ.አ.) የልብ ጡንቻቸው በደም እጦት ከተጎዳ በኋላ በሕይወት የተረፉ 808 ሕሙማንን አስመልክተው ባወጡት ጥናት፣ የ24 ሰዓቱ ስታንዳርድ ዴቪየሽን ከ50 ሚሊሰከንድ ያነሰባቸው፣ ከ100 ከበለጠላቸው ይልቅ ለሞት የመጋለጥ ዕድላቸው 5.3 እጥፍ መሆኑን ገለጡ። በ1996 (እ.ኤ.አ.) የወጣው የአውሮፓና የሰሜን አሜሪካ ማኅበራት መመሪያ ደግሞ የ5 ደቂቃው ቅጂ ከ24 ሰዓቱ ጋር እንዳይነጻጸር አስጠነቀቀ።

የመቱ ሐኪም በኤሌክትሮካርዲዮግራም ወረቀት ላይ በማስመሪያ ልለካ ቢል፣ በተለመደው ፍጥነት አንድ ሚሊሜትር 40 ሚሊሰከንድ ነው። የሁለተኛው ሰው ልዩነት 3 ሚሊሜትር ሆኖ ይታየዋል፤ የመጀመሪያው፣ አሳሳቢው፣ ግማሽ ሚሊሜትር ብቻ ነው።