ሦስት ጊዜ የተመረጠው እንደራሴ

በዛሬው የታሪክ ዓምዳችን ሕዝብ መርጦት ሳለ ወንበር ስለተከለከለ አንድ አሜሪካዊ እናወጋችኋለን።

ጁሊያን ቦንድ እ.ኤ.አ. በ1940 በናሽቪል ከተማ ተወለደ። አባቱ የኮሌጅ ፕሬዚዳንት የነበሩ ታዋቂ ምሁር ናቸው። ቦንድ አትላንታ በሚገኘው ሞርሃውስ ኮሌጅ ሲማር፣ በ1960 የተማሪዎች ሰላማዊ ትግል አስተባባሪ ኮሚቴን ከመሠረቱት ወጣቶች አንዱ ሆነ። ዓላማቸው ጥቁሮች እንደ ነጮቹ እኩል እንዲታዩና በነፃነት እንዲመርጡ ነበር። ለዚህ ሥራ ሲል በ1961 ትምህርቱን አቋረጠ።

በ1965 ለጆርጂያ ግዛት የተወካዮች ምክር ቤት ተወዳድሮ አሸነፈ። ገና የ25 ዓመት ወጣት ነበር። ነገር ግን ቃለ መሐላ ሊፈጽም ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ኮሚቴው የቬትናምን ጦርነት የሚቃወም መግለጫ አወጣ። መግለጫውን የጻፈው ቦንድ አይደለም፤ ጋዜጠኛ ሲጠይቀው ግን “እደግፈዋለሁ” አለ። በዚህ የተቆጡት የምክር ቤቱ አባላት “እንዲህ የሚል ሰው ለሕገ መንግሥቱ ታማኝ እሆናለሁ ብሎ ከልቡ ሊምል አይችልም” አሉ። ጃንዋሪ 10 ቀን 1966 በ184 ድምፅ ለ12 እንዳይገባ ወሰኑ።

ታዲያ መራጮቹ ምን አደረጉ? ወንበሩን ለመሙላት በፌብሩዋሪ ምርጫ ሲደረግ ያንኑ ቦንድን መልሰው መረጡት። አሁንም ተከለከለ። በኖቬምበር ለሦስተኛ ጊዜ መረጡት!

ጉዳዩ እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ዲሴምበር 5 ቀን 1966 ዘጠኙም ዳኞች ያለ ልዩነት ለቦንድ ፈረዱለት። ፍርዱ በአጭሩ እንዲህ ነው፦ እንደራሴ ሐሳቡን የመግለጽ መብቱ ከተራው ዜጋ አያንስም። እንዲያውም አከራካሪ በሆነ ጉዳይ ላይ አቋሙን መናገር አለበት፤ አለበለዚያ መራጩ ማንን እንደመረጠ በምን ያውቃል?

ቦንድ በጃንዋሪ 1967 ምሎ ወንበሩን ያዘ። እስከ 1975 በተወካዮች ምክር ቤት፣ ከዚያም እስከ 1987 በግዛቱ ሴኔት አገለገለ። በ1986 ለአሜሪካ ኮንግረስ ተወዳድሮ በቀድሞ የትግል ጓደኛው በጆን ሉዊስ ተሸነፈ። በኋላም ዩኒቨርሲቲ አስተማረ። በ2015 በ75 ዓመቱ አረፈ።

አቋርጦት የነበረውን ትምህርትስ? አልተወውም። እንደራሴ ሆኖ እያለ ተመልሶ ተማረና በ1971 ተመረቀ። ካቋረጠ 10 ዓመት ሆኖት ነበር። ትምህርታችሁ በስደት ምክንያት ለተቋረጠባችሁ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ዋናው ቁም ነገር ግን ይህ ነው፦ የእንደራሴ ወንበር የመራጩ እንጂ ቀድመው የተቀመጡት ሰዎች ንብረት አይደለም። 184ቱ ሰዎች ቦንድን የቀጡ መስሏቸው ነበር፤ አንድ ዓመት ሙሉ ያለ ተወካይ የቀረው ግን የመረጠው ሕዝብ ነው።

እስቲ በክፍል ውስጥ ተወያዩበት፦ የክፍላችሁ ተወካይ ብዙዎቻችሁ የማትወዱትን ሐሳብ ቢናገር፣ ሊያወርደው የሚገባው ማን ነው? በምን መንገድ?