ከግድግዳ ላይ ተቆርጦ የወጣው ሥዕል

ብዙዎቻችን ዣን ሚሼል ባስኪያን የምናውቀው በቲሸርት ነው። ያችን ባለ ሦስት ጫፍ ዘውዱን ያላየ ወጣት ያለ አይመስለንም። ዋጋውንም ሰምተናል፤ እ.ኤ.አ. በ1982 የሳለው አንድ የራስ ቅል በ2017 በ110.5 ሚሊዮን ዶላር ተሸጧል። እኛ ዛሬ ልናወራችሁ ያሰብነው ግን ለሽያጭ ስላልሳለው ሥዕሉ ነው።

መጀመሪያ ልጁን እናስተዋውቃችሁ። በ1960 ኒውዮርክ፣ ብሩክሊን ተወለደ። አባቱ የሄይቲ ሰው ነው፣ እናቱ ደግሞ ከፖርቶ ሪኮ ቤተሰብ። በሰባት ዓመቱ መኪና ገጭቶት ሆስፒታል ሲተኛ እናቱ የአናቶሚ መጽሐፍ አመጣችለት። (አጥንት ለተሰበረ ልጅ አጥንት የሞላበት መጽሐፍ!) ያ አጥንትና የራስ ቅል ግን እስከ መጨረሻው ከሥዕሎቹ አልወጣም።

ወደ 1978 ገደማ ከጓደኛው ከአል ዲያዝ ጋር ሆነው የማንሃተንን ግድግዳዎች በስፕሬይ ቀለም ይጽፉባቸው ጀመር። ስማቸው "ሳሞ" ነበር፤ "ያው የድሮው" እንደማለት ነው። የሌላው ሰፈር ልጆች ባቡር ላይ ስማቸውን በትልልቁ ሲያሰፍሩ እነዚህ አሽሙር ይጽፉ ነበር። የሚጽፉትም ጋለሪዎች በተደረደሩበት በሶሆ ነው። ብልጠት ነው? አዎ ነው፤ ነውር ግን አይመስለንም። ጋዜጣ ጻፈላቸው፣ ሁለቱ ተጣሉ፣ ሳሞ መሞቱም በየግድግዳው ታወጀ። ባስኪያ በ21 ዓመቱ ጀርመን ካሰል ዶኩሜንታ ላይ ሥራውን አሳየ። ከዚያ በኋላ "የግራፊቲ ሠዓሊ" ሲሉት ደስ አይለውም ነበር።

በመስከረም 1983 ማይክል ስቱዋርት የሚባል የ25 ዓመት ጥቁር ወጣት የምድር ባቡር ጣቢያ ግድግዳ ላይ ጽፈሃል ተብሎ በፖሊስ ተያዘ። ሆስፒታል የደረሰው ራሱን ስቶ ነው። ከ13 ቀን በኋላ ሞተ። የተከሰሱት ስድስት ፖሊሶች በ1985 ነፃ ተባሉ።

ባስኪያና ስቱዋርት የሚውሉት በአንድ አካባቢ ነበር፤ ሁለቱም ጥቁር ናቸው፣ ሁለቱም ወጣት። ዝነኛው ሰውዬ ጽፎ የከበረበት ነገር ነው ያኛውን የገደለው። ባስኪያ ይሄ ሳይገባው አልቀረም፤ በጣም ነበር የደነገጠው። በጓደኛው በኪት ሃሪንግ ስቱዲዮ ግድግዳ ላይ ዱላ የሰነዘሩ ሁለት ፖሊሶችን፣ መሐላቸው ደግሞ ፊት የሌለው ጥቁር ጥላ ሳለ። ከላይ "ማበላሸት" የሚል ቃል ጻፈበትና ጥያቄ ምልክት አደረገበት። ግድግዳ ነው የተበላሸው ወይስ ሰው?

ሃሪንግ በ1985 ስቱዲዮውን ሲለቅ ሥዕሉን ከግድግዳው ቆርጦ አወጣው። በወርቃማ ፍሬም አስገብቶ አልጋው ራስጌ ሰቀለው፤ በ1990 እስኪሞትም እዚያው ነበር። ባስኪያ ከሱ ቀድሞ ነበር የሞተው፤ በነሐሴ 1988፣ በሄሮይን፣ በ27 ዓመቱ።

በ2019 የኒውዮርኩ ጉገንሃይም ሙዚየም ይህን ሥዕል ለሕዝብ ሲያሳይ የስቱዋርት የራሱ ሥራዎችም አብረው ቀርበው ነበር። ለካስ እሱም ሠዓሊ መሆን ይፈልግ ነበር።