ጭሱን የምታሸት አፍንጫ

ባለፈው ቅዳሜ፣ ቦዲቲ በሚገኘው ግቢያችን፣ ከአሮጌዋ ቶዮታዬ ሥር በጀርባዬ ተኝቼ ከጭስ ማውጫው ላይ የኦክስጅን ሴንሰሯን ስፈታ ዋልሁ። የሞተሩ ምልክት መብራት በርቶ ከርሟል፤ ቤንዚኑም ያለ ልክ ያልቅ ነበር። አንድ መካኒክ ግን «መብራቱን ብቻ አስጠፋው፤ ጭሱን ማን ያየዋል?» ሲል መክሮኛል።

ምክሩ ርካሽ ነበር። እንዳልቀበለው ያደረገኝ የዚች አውራ ጣት የምታህል ዕቃ ታሪክ ነው።

ታሪኩ የሚጀምረው ከመርዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1921 በጄኔራል ሞተርስ ይሠራ የነበረው ቶማስ ሚጅሊ፣ የእርሳስ ማዕድን ያለበት ውህድ በቤንዚን ላይ ሲጨመር ሞተር እንዳያንኳኳ ማድረጉን አገኘ። በ1924 ውህዱን የሚያዘጋጁ ሠራተኞች አእምሯቸውን እየሳቱ ሞቱ፤ ሽያጩ ግን ለጥቂት ጊዜ ተቋርጦ እንደገና ቀጠለ። እርሳስ ከሁሉ ይልቅ የሚጎዳው የሕፃናትን አእምሮ ነው።

ሴንሰሯ የመጣችው ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ፣ በ1976 ነው። የጀርመኑ ቦሽ ሠራት፤ የስዊድኑ ቮልቮ ለአሜሪካ ገበያ ባዘጋጃቸው መኪኖች ላይ ገጠማት። ጫፏ ዚርኮኒያ የተባለ ሸክላ ነው። ሸክላው ሲግል በጭሱና በውጭው አየር ውስጥ ያለውን ኦክስጅን አነጻጽሮ ከአንድ ቮልት ያነሰ ኤሌክትሪክ ያመነጫል። ኤሌክትሪኩ ከፍ ሲል ቤንዚኑ በዝቷል ማለት ነው፤ ዝቅ ሲል አየሩ በዝቷል። ኮምፒውተሩም ይህን እያየ ቤንዚኑን ይመጥናል። ሚዛኑ ከተዛባ የጭስ ማጣሪያው ሥራውን በአግባቡ አይሠራም። ሴንሰሯንም ማጣሪያውንም ደግሞ እርሳስ ይገድላቸዋል። እንግዲህ ጭሱን ለማጽዳት አስቀድሞ ቤንዚኑን ማጽዳት ግድ ሆነ።

የእኛ ተራ ዘግይቶ ደረሰ። የአፍሪካ መንግሥታት ተወካዮች በ2001 ዳካር ላይ ቃል ገቡ፤ እስከ 2005 መጨረሻ ድረስ ኢትዮጵያን ጨምሮ ከሰሃራ በታች ያሉ ሀገራት እርሳስ ያለበትን የመኪና ቤንዚን ተዉ። የዓለም የመጨረሻዋ ሀገር አልጄሪያ በ2021 ተከተለች።

ልጆች ሳለን ከሶዶ ወደ ሻሸመኔ የሚያልፉትን መኪኖች እየሮጥን እንከተል ነበር። የቤንዚን ጭስ ሽታ ደስ ይለን ነበርና በረጅሙ እንስበው ነበር። ምን እንደምንስብ የነገረን ሰው አልነበረም።

ሞተሩን ጥቂት አሙቄ፣ ሽቦዋን ነቅዬ፣ ጥርሷ እንዳይላጭ ቀስ ብዬ በ22 ቁልፍ ፈታኋት። ጥላሸት ለብሳለች። ልጄ ከጎኔ ቁጢጥ ብሎ አዲሷን አቀበለኝ።

«አባዬ፣ ይህቺ ምን ታደርጋለች?» አለኝ።

«ጭሱን ታሸታለች» አልሁት፤ «አንተ እንዳታሸተው።»